አልፍሬድ ቬርነር፤ የማዕድን ውሁዶችን ግራና ቀኝ የለየ ሊቅ

ኬሚስትሪ መማር የጀመረ ተማሪ ሁሉ የላቮአዚዬን፣ የዳልተንንና የሜንዴሌየፍን ስም በመጀመሪያው ዓመት ይሰማል። የአልፍሬድ ቬርነር ስም ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፎች ውስጥ ስለ ሆነ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ከዚያ ገጽ የሚደርስ ክፍል ጥቂት ነው። እኛም ለትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ስለ አንድ ሊቅ ሕይወት ለመጻፍ ባሰብን ጊዜ፣ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ እጅግ የታወቀውን፣ በእኛ መካከል ግን ታሪኩ እምብዛም ያልተነገረውን ይህን ሰው መረጥን። ይህንም ያደረግነው ሥራው ትልቅ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። በሃያ ስድስት ዓመቱ አንድ አሳብ አቅርቦ፣ አሳቡ እውነት መሆኑን ማንም ሊክደው በማይችል ማስረጃ ለማሳየት ዐሥራ ስምንት ዓመት የፈጀበት መሆኑ ልባችንን ስለ ነካው ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቬርነር ዲሴምበር 12 ቀን 1866 ዓ.ም. አልዛስ በሚባለው አውራጃ ሙሉዝ በምትባል ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ አራተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበረ። አባቱ የብረት ሥራ ሠራተኛ ነበረ፤ ቤተ ሰቡም ባለጠጋ አልነበረም። አልዛስ በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ግዛት ነበረች። ነገር ግን ፈረንሳይ በጦርነት ተሸንፋ በ1871 ዓ.ም. አውራጃዋን ለጀርመን በለቀቀች ጊዜ፣ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከቤቱ ሳይወጣ የሌላ መንግሥት ዜጋ ሆነ። በትምህርት ቤት ጀርመንኛ፣ በቤት ደግሞ ፈረንሳይኛ እየተናገረ አደገ። በኋላ ታላላቅ ሥራዎቹን የጻፈው በጀርመንኛ ሲሆን፣ ቤተ ሰቡ ግን የፈረንሳይን ፍቅር ከልባቸው አላወጡም ነበረ።

ገና በወጣትነቱ ከቤታቸው በስተ ጀርባ በነበረው የእህል ጎተራ ውስጥ ትንሽ ላቦራቶሪ አበጅቶ ልዩ ልዩ ቅመሞችን ይመረምር ነበረ። ከዚያም በጀርመን ሠራዊት ውስጥ በካርልስሩኸ ከተማ የአንድ ዓመት የውትድርና አገልግሎቱን ሲፈጽም፣ በትርፍ ጊዜው በዚያ ወደሚገኘው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት እየሄደ የኬሚስትሪ ትምህርት ያዳምጥ ነበረ። በ1886 ዓ.ም. ወደ ስዊስ አገር ተሻግሮ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ገባ። በሂሳብ ትምህርት ደካማ ተማሪ ነበረ፤ በሥዕላዊ ጂኦሜትሪም ፈተና ወድቋል። ይህን ያነሣነው ለመሳለቅ አይደለም። ይህ በጂኦሜትሪ የወደቀ ተማሪ በኋላ የኬሚስትሪን ትምህርት በጂኦሜትሪ ኃይል የለወጠ መሆኑ እኛን እጅግ ስላስደነቀን ነው።

በ1889 ዓ.ም. ዲፕሎማውን ተቀበለ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በአርቱር ሐንች መሪነት የዶክትርና ጽሑፉን አቀረበ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የናይትሮጅን አቶም የሚይዛቸው ሌሎች አቶሞች በወረቀት ላይ እንደሚሣሉት በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ የተዘረጉ ሳይሆኑ፣ በአየር ውስጥ ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ የዞሩ መሆናቸውን አስረዳ። አቶሞች በቦታ ውስጥ የሚይዙትን ሥርዓት ማሰብ ከዚህ ቀን ጀምሮ የዕድሜ ልክ ሥራው ሆነ። ከዚያም አንድ ክረምት በፓሪስ ከታላቁ ሊቅ ከቤርተሎ ዘንድ ሠርቶ በ1892 ዓ.ም. ወደ ዙሪክ ተመለሰ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት፣ በዚያ ዘመን ሊቃውንትን ያስጨነቃቸው እንቆቅልሽ ምን እንደ ነበረ መግለጽ አለብን። መምህራን ቫለንስን ሲያስረዱን በእጅ ይመስሉታል። ኮባልት የሚባለው ማዕድን ሦስት እጅ አለው፤ በሦስቱም እጆቹ ሦስት ክሎሪን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ባዶ እጅ አይቀርለትም። አሞኒያም እንዲሁ ነው፤ ናይትሮጅኑ በሦስት እጁ ሦስት ሃይድሮጅን ይዞ ጠግቦ ተቀምጧል። እንግዲህ ሁለት ጠግበው የተቀመጡ ነገሮች በምን እጃቸው ይያያዛሉ? ነገር ግን ይያያዛሉ። አንድ የኮባልት ክሎራይድ ከስድስት አሞኒያ ጋራ ሲያያዝ መልኩ ብርቱካን መሳይ ቢጫ ይሆናል፤ ከአምስት ጋራ ሐምራዊ ይሆናል፤ ከአራት ጋራ ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል። የሚገርመው ነገር በዚህ አላበቃም። በመፍትሔያቸው ላይ የብር ናይትሬት ሲጨመር ክሎሪን እንደ እርጎ ነጭ ሆኖ ይወርዳል። ስድስት አሞኒያ ካለው ሦስቱም ክሎሪኖች ይወርዳሉ፤ አምስት ካለው ሁለቱ ብቻ፤ አራት ካለው አንዱ ብቻ ይወርዳል። የቀሩት ወዴት ተደበቁ?

ብሎምስትራንድ የተባለ የስዊድን ሊቅ በ1869 ዓ.ም. ለዚህ መልስ የሚሆን አሳብ አቅርቦ ነበረ። አሞኒያዎቹ እርስ በርሳቸው እንደ ሰንሰለት ተቀጣጥለው ከኮባልቱ ላይ የሚንጠለጠሉ መሰለው። የኮፐንሃገኑ ሶፉስ ማድስ ዮርገንሰን ይህን አሳብ አሻሽሎ፣ በሰንሰለቱ ጫፍ ያለው ክሎሪን በቀላሉ ይለቀቃል፣ ከኮባልቱ ጋራ በቀጥታ የተጣበቀው ግን አይለቀቅም በማለት አስተማረ። ዮርገንሰን እጅግ ብልህና ታጋሽ ሠራተኛ ነበረ፤ ከእነዚህ ውሁዶች አብዛኞቹን ንጹሕ አድርጎ ያዘጋጀና የመረመረ እርሱ ነው። አንዳንድ መጻሕፍት እርሱን እንደ ተሸነፈ ሰው ብቻ አድርገው ያቀርቡታል። እኛ ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለንም፤ ያለ ዮርገንሰን ድካም ቬርነር የሚያስብበት ነገር አያገኝም ነበረና።

ከዕለታት አንድ ሌሊት ከንጋቱ በፊት በስምንት ሰዓት ቬርነር ከእንቅልፉ ድንገት ነቃ፤ የእንቆቅልሹም መልስ በአእምሮው ውስጥ ተገልጾለት ነበረ። ተነሥቶ መጻፍ ጀመረ፤ እንቅልፍ እንዳይወስደው ጠንካራ ቡና እየጠጣ እስከ ማታው ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ያለ ማቋረጥ ጻፈ። ይህ ጽሑፍ በ1893 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። አሳቡ በአጭሩ ይህ ነው። ማዕድኑ በመካከል ይቀመጣል፤ ከተለመደው ቫለንስ ሌላ ሁለተኛ ዓይነት ቫለንስ አለው፤ በዚህም ኃይሉ ስድስት፣ አንዳንድ ጊዜም አራት፣ አቶሞችን ወይም ሞለኪውሎችን በዙሪያው ያቆማል። ስድስቱ የሚቆሙት አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ አራቱ ደግሞ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ነው። ይህም ሁለት ፒራሚዶች በመቀመጫቸው ሲጋጠሙ የሚገኘው ስምንት ገጽ ያለው ቅርጽ፣ ማለት ኦክታሄድሮን ነው። አሞኒያ አምስት ብቻ ከሆነ ስድስተኛውን ቦታ አንድ ክሎሪን ይገባበታል፤ እዚያ የገባው ክሎሪንም በብር ናይትሬት አይወርድም። አራት ብቻ ከሆነ ሁለት ክሎሪኖች ይገባሉ፤ አንዱ ብቻ ከውጭ ይቀራል። የተደበቁት ክሎሪኖች የት እንደ ነበሩ በዚህ ተገኘ።

ይህ አሳብ በጣም ውብ ነበረ፤ ነገር ግን ቬርነር ጽሑፉን ባወጣ ጊዜ ለማስረጃ የሚሆን አንድም የራሱ ሙከራ አልነበረውም። የተጠቀመው በሌሎች፣ ይልቁንም በዮርገንሰን ሥራ ነበረ። ስለዚህ ብዙዎች የአንድ ወጣት ሕልም አድርገው ቢቈጥሩት የሚያስደንቅ አይደለም። ሆኖም የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዓመት ለማስተማር ጠራው፤ በ1895 ዓ.ም. ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1894 ዓ.ም. ኤማ ጊስከርን አግብቶ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ የስዊስ ዜግነትም ተቀበለ።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ በወረቀት ሳይሆን በብልቃጥ ሆነ። አስቀድሞ ከወዳጁ ከሚዮላቲ ጋራ ሆኖ የእነዚህ ውሁዶች መፍትሔ የኤሌክትሪክ ኃይልን ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ለካ። ሦስት አሞኒያና ሦስት የናይትሮ ክፍሎች ባሉት ውሁድ ላይ ሁለቱ አሳቦች የሚለያዩበት ቦታ ተገኘ፤ በሰንሰለቱ አሳብ ኤሌክትሪክን ማስተላለፍ ሲገባው፣ በቬርነር አሳብ ግን ሁሉም ከማዕድኑ ጋራ ስለ ተያያዙ ማስተላለፍ አይገባውም። ሲለካም ከቶ ያላስተላለፈ ያህል ሆኖ ተገኘ። ዮርገንሰን ግን በዚህ አልረታም።

ሁለተኛው ክርክር ስለ መልክ ብዛት ነበረ። አራት አሞኒያና ሁለት ክሎሪን በኦክታሄድሮን ላይ ሲቀመጡ ሁለት መልክ ብቻ ሊኖራቸው ይችላል፤ ክሎሪኖቹ ወይ ጎን ለጎን ናቸው፣ ወይም ፊት ለፊት ናቸው። ሌላ ዓይነት ቅርጽ ቢሆን ኖሮ ሦስት መልክ ሊኖር በተገባ ነበረ። አረንጓዴው ይታወቃል፤ ታዲያ ወንድሙ የት አለ? ቬርነር ይህን ለዐሥራ አራት ዓመት ፈለገው። በ1907 ዓ.ም. ሐምራዊ ሆኖ በእጁ ገባ፤ ውሁዱ በቀላሉ የሚበላሽ ስለ ነበረ ነው እስከዚያ ድረስ ተሰውሮ የቈየው። በዚህ ጊዜ ዮርገንሰን የራሱ አሳብ እንዳልቆመ አመነ። ዕድሜ ልኩን የደከመበትን አሳብ ማስረጃው ሲመጣ መተው ለማንም ቀላል አይደለም፤ እርሱ ግን ሳይቀየም ተወው።

ሆኖም አንድ ነገር ቀርቶ ነበረ። ሁለት መልክ ብቻ ተገኘ ማለት ሦስተኛው የለም ማለት አይደለም፤ ምናልባት ገና አልተገኘ ይሆናል ብሎ የሚከራከር ሰው አይጠፋም። የማያጠራጥር ማስረጃ ያስፈልግ ነበረ፤ ይህም ማስረጃ የግራና የቀኝ ነገር ነው።

ቀኝ እጃችንን በመስተዋት ፊት ብናቀርብ በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየው ግራ እጅ ነው። ሁለቱ እጆች አንድ ዓይነት ጣቶች አሏቸው፤ ነገር ግን የቀኙን ጫማ ለግራ እግር ማልበስ እንደማይቻል፣ አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት አይቻልም። አንዳንድ ሞለኪውሎችም እንደዚሁ ግራና ቀኝ አላቸው። ፓስተር በ1848 ዓ.ም. ከወይን ጠጅ አሲድ የተገኘውን ጨው ክሪስታል በጉጠት እየለቀመ ግራውን ከቀኙ ለይቶ ነበረ፤ የአንዱ መፍትሔ ልዩ የሆነውን ብርሃን ወደ ቀኝ ሲያዞር የሌላው ወደ ግራ ያዞራል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ግን ይህ ጠባይ የካርቦን አቶም ብቻ ሀብት ይመስላቸው ነበረ።

ቬርነር ያሰበው ይህን ነበረ። ኤቲሊን ዲያሚን የሚባለው ሞለኪውል በሁለት ጫፉ ማዕድኑን በሁለት ቦታ ይይዛል። ሁለት እንዲህ ያሉ ሞለኪውሎች ኮባልቱን ቢይዙና በቀሩት ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቦታዎች አንድ አሞኒያና አንድ ክሎሪን ቢገቡ፣ በኦክታሄድሮን ላይ የሚገኘው ቅርጽ ግራና ቀኝ ሊኖረው ይገባል። የሚጠራጠር አንባቢ አንድ ድንችና ስድስት ስንጥሮች ወስዶ ይሞክረው፤ እኛም ሞክረን አይተነዋል፤ በመስተዋቱ ውስጥ ያለውን ድንች በውጭ ካለው ጋራ ማግጠም አይቻልም። እንግዲህ ይህ ውሁድ በእውነት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢለይ፣ የኦክታሄድሮኑ አሳብ ከሞላ ጐደል ተረጋገጠ ማለት ነው።

መናገሩ ቀላል ነው፤ መለየቱ ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። ግራና ቀኙ በክብደትም፣ በመልክም፣ በመሟሟትም አንድ ስለ ሆኑ በተለመደው መንገድ አይለያዩም። ዘዴው ከሌላ ግራና ቀኝ ካለው ነገር ጋራ ማጋባት ነው። ቀኝ እጅ ከቀኝ እጅ ጋራ ሲጨባበጥና ከግራ እጅ ጋራ ሲጨባበጥ አያያዙ እንደሚለያይ፣ የተጋቡትም ሁለት ጨዎች በውሃ ውስጥ አሟሟታቸው ይለያያል፤ አንዱ አስቀድሞ ክሪስታል ሆኖ ይወርዳል። ይህን ሥራ የያዘው ቪክቶር ኪንግ የሚባል የአሜሪካ አገር ተማሪ ነበረ። ብዙ ጊዜ ሞክሮ አልሆነለትም፤ ጓደኞቹም በመንገድ ባገኙት ቍጥር ውሁዶችህ መዞር ጀመሩ ወይ እያሉ ይቀልዱበት ነበረ ይባላል። በመጨረሻ ከካምፎር የሚዘጋጀውን ብሮሞ ካምፎር ሰልፎኒክ አሲድ ተጠቀመና በ1911 ዓ.ም. ግራው ከቀኙ ተለየ። በመለኪያው መሣሪያ ውስጥ አንዱ መፍትሔ ብርሃኑን ወደ አንድ ወገን፣ ሌላው ወደ ሌላው ወገን አዞረው። ከዚያ ወዲያ ቬርነርና ተማሪዎቹ የክሮሚየምን፣ የብረትንና የሮዲየምን ውሁዶች እየተከታተሉ በዚህ መንገድ ለዩ።

ስለ ሥራው ቦታ ጥቂት ብንናገር መልካም ነው። ላቦራቶሪው ለብዙ ዓመት ከምድር በታች ባለ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነበረ፤ ተማሪዎቹ ካታኮምብ ይሉት ነበረ፤ በቀንም መብራት ያስፈልገው ነበረ። አዲሱ ሕንጻ የተከፈተው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከብዙ አገር የመጡ ሁለት መቶ ያህል ተማሪዎች በእርሱ መሪነት የዶክትርና ማዕርግ ያገኙ ሲሆን፣ ከእነርሱ መካከል ብዙ ሴቶች ነበሩ። እንግሊዛዊቱ ኢዲት ሃምፍሪ በ1901 ዓ.ም. ዶክትርናዋን ከእርሱ ዘንድ ፈጸመች፤ በዚያ ዘመን ለሴቶች በራቸውን የከፈቱ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂት ስለ ነበሩ፣ ይህ እንዲያው በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ቬርነር ሲያስተምር አዳራሹ ከመጠን በላይ ይሞላ ነበረ፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ ቼዝና ቢልያርዶ ይጫወት ነበረ።

በ1913 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ካርቦን በሌለበት የኬሚስትሪ ክፍል ላይ ለተሠራ ንድፈ አሳብ ይህ ክብር ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበረ ለማለት ይቻላል። እንዲህም ሆኖ ተቃዋሚዎች አልጠፉም። ኤቲሊን ዲያሚን ካርቦን ስላለው፣ የግራና የቀኙ ምሥጢር ከማዕድኑ ሳይሆን ከካርቦኑ የመጣ ነው የሚሉ ነበሩ። ቬርነር በ1914 ዓ.ም. ለዚህ መልስ ሰጠ። አራት ኮባልት፣ ዐሥራ ሁለት አሞኒያና ስድስት የሃይድሮክሲል ክፍሎች ያሉትን፣ አንድም የካርቦን አቶም የሌለበትን ውሁድ ግራና ቀኝ አድርጎ ለየው። ይህን ውሁድ አስቀድሞ ያዘጋጀው ማን ነበረ ቢባል፣ ያው ዮርገንሰን ነው። እርሱ ግን በዚያው ዓመት ዐርፎ ነበረ።

በቬርነር ዘመን ያልተመለሰው ጥያቄ ሁለተኛው ቫለንስ ከምን እንደ ተሠራ ነው። ሉዊስ በ1916 ዓ.ም. አቶሞች በሁለት በሁለት ኤሌክትሮኖች እንደሚያያዙ ከገለጸ በኋላ፣ ሲጅዊክ በ1920ዎቹ ዓመታት የአሞኒያ ናይትሮጅን ትርፍ ኤሌክትሮኖቹን ለማዕድኑ እንደሚያካፍል አስረዳ። ጠግበው የተቀመጡት ሁለቱ ነገሮች የሚያያዙበት እጅ ይህ ነበረ።

ዛሬ ይህ ትምህርት እስከ የት እንደ ደረሰ ለማሳየት ስለ ሩቴኒየም እንናገር። ይህን ማዕድን ካርል ክላውስ በ1844 ዓ.ም. በሩሲያ በካዛን ከተማ አገኘው፤ ስሙንም ሩሲያ በላቲን ከምትጠራበት ስም ወሰደለት። ቤንዚንና እርሱን የሚመስሉ ስድስት ካርቦን ያሉባቸው ቀለበቶች አሬን ይባላሉ። አሬን በሩቴኒየም ላይ እንደ አክምባሎ ተከድኖ ይቀመጣል፤ ከማዕድኑ በታች ደግሞ ሦስት ሌሎች ክፍሎች እንደ በርጩማ እግር ይቆማሉ። ሦስቱ እግሮች እርስ በርሳቸው ከተለያዩ፣ የቬርነር ኮባልት እንደ ነበረው ሁሉ ይህም ሞለኪውል ግራና ቀኝ አለው። ሊቃውንቱ ማዕድኑን ሳይነኩ ከቀለበቱ ወይም ከእግሮቹ ላይ የተንጠለጠለውን የጎን ሰንሰለት በሌላ ቅመም ይለውጣሉ፤ ከዚያም ግራነቱ ወይም ቀኝነቱ ሳይናወጥ መቈየቱን ይመረምራሉ። አንዳንዱ ይጸናል፤ አንዳንዱ ግን በመፍትሔ ውስጥ ቀስ እያለ ይገለበጣል፤ የሥራውም ጭንቅ እዚህ ላይ ነው። ጃፓናዊው ሪዮጂ ኖዮሪና ባልደረቦቹ በ1995 ዓ.ም. እንዲህ ባለው የሩቴኒየምና የአሬን ውሁድ ኪቶንን ወደ አንድ ወገን ብቻ ወደ ዞረ አልኮል የሚለውጡበትን መንገድ አሳዩ፤ በ2001 ዓ.ም. ኖዮሪ ከሁለት ሌሎች ሊቃውንት ጋራ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ይህ ነገር ለመድኃኒት ሥራ ታላቅ ጥቅም አለው፤ የሰው አካል ራሱ ግራና ቀኝን የሚለይ ስለ ሆነ የአንድ መድኃኒት ቀኙ ሲፈውስ ግራው ላይፈውስ፣ አንዳንድ ጊዜም ሊጎዳ ይችላል።

ቬርነር ይህን ሁሉ ለማየት አልታደለም። ከሽልማቱ በኋላ ብዙ ሳይቈይ የደም ሥር መጠንከር በሽታ አእምሮውንና አካሉን አደከመው። እየቆየም ማስተማር አልቻለም፤ በኦክቶበር 1919 ዓ.ም. ከፕሮፌሰርነቱ ተሰናበተ፤ ኖቬምበር 15 ቀን በዚያው ዓመት በዙሪክ በሚገኝ ሆስፒታል ውስጥ ዐረፈ። ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ዓመት ነበረ። እርሱና ተማሪዎቹ ያዘጋጇቸው ቢጫ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ጨዎች በትንንሽ ብልቃጦች እንዳሉ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቀው ቆይተዋል።